የኬልቶች ብርና የእኔ ኩረጃ

በቋንቋችን ብር ማለት ሁለት ነገር ነው። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው ነጭ ማዕድን ብር ነው፤ በኪሳችን የምንይዘው፣ ይልቁንም አብዛኛውን ጊዜ የማንይዘው ገንዘብም ብር ነው። የተማሪን ኪስ ነገር ለዚህ መጽሔት አንባቢ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን እርሱን እተወዋለሁ። ዛሬ ለመጻፍ ያሰብሁት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በአውሮፓ ምድር፣ ከዳኑብ ወንዝ ዳር እስከ ብሪታንያ ደሴት ድረስ ይኖሩ ስለ ነበሩት፣ ኬልት ስለሚባሉት ነገዶች የብር ገንዘብ ነው። «ይህ ደግሞ እኛን ምን አገባን?» የሚል ወንድም ወይም እኅት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ብሆን የገባሁበት በፍቅር ሳይሆን በጥፋት ነው። ጥፋቴንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅብኝ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥንት ታሪክ መምህራችን እያንዳንዳችን ስለ አንድ ጥንታዊ ሕዝብ ገንዘብ ስምንት ገጽ ጽፈን እንድናቀርብ አዘዙን። ፈጣኖቹ ሮማንና ግሪክን ያዙ፤ ከእነርሱ የቀሩት በአክሱም ላይ ተሻሙ። እኔ እንደ ልማዴ ዘግይቼ ቤተ መጻሕፍት ስደርስ የጠበቀኝ ስለ ኬልቶች የተጻፈ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ጽሑፉ ሊሰጥ አንድ ሌሊት ሲቀረው ቁጭ ብዬ፣ ከዚህም ከዚያም ገጽ እየቆነጠርሁ ስምንቱን ገጽ ሞላሁት። ከሁሉ አብልጬ የኮራሁባት ዓረፍተ ነገር ይህች ነበረች፤ «ኬልቶች የራሳቸው ሐሳብ ስላልነበራቸው የመቄዶንያን ገንዘብ ኮረጁ፤ እርሱንም አሳምረው መኮረጅ ስላቃታቸው አበላሹት።» አጭር ናት፤ ቁርጥ ያለች ናት፤ የሊቅ ቃል ትመስላለች። መምሰሏም አያስገርምም፤ ከመጽሐፉ ነበር ያወጣኋት።

በሳምንቱ መምህሩ ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። ወረቀቴ ከፊታቸው ተዘርግቷል፤ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ሥርም በቀይ እርሳስ ተሰምሯል።

«አበላሹት ያልኸው አይተህ ነው ወይስ አንብበህ?» አሉኝ።

«አንብቤ ነው፣ መምህር።»

«የገንዘቦቹ ሥዕል ከመጽሐፉ ውስጥ የለም?»

«አለ፤ ከኋላ ባሉት ገጾች ላይ ነው።»

«ተመልክተኸዋል?»

ዝም አልሁ።

«እንግዲያው» አሉ ወረቀቱን እየመለሱልኝ፣ «ከኬልቶቹና ከአንተ ኮራጁ ማን እንደ ሆነ አጣራና በሳምንት ውስጥ አምጣልኝ።»

ከቢሮው ስወጣ ፊቴ ይቃጠል ነበር። መጀመሪያ የተናደድሁት በመምህሩ ላይ ነው፤ ማን ያልኮረጀ አለ? ብዬ። ማታ ግን መጽሐፉን ከኋላው ገለጥሁት። ያን ሌሊትና ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሌሊቶች ያየሁትን ነው እንግዲህ የምነግራችሁ።

የነገሩ መነሻ የታላቁ እስክንድር አባት የመቄዶንያ ንጉሥ ዳግማዊ ፊልጶስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ359 እስከ 336 ነግሦ ነበር። ትልቁ የብር ገንዘቡ ክብደቱ ወደ 14 ግራም ተኩል ይጠጋል። በአንደኛው ፊቱ ጢማሙ የግሪኮች አምላክ ዜውስ የቅጠል አክሊል ደፍቶ ይታያል፤ በሁለተኛው ፊቱ በፈረስ የተቀመጠ ሰው አለ፤ አጠገቡም «የፊልጶስ» የሚል የግሪክ ጽሕፈት ተቀርጿል። ኬልቶች በጦርነት የተፈሩ ሰዎች ስለ ነበሩ አንዳንድ ጊዜ እንደ ወራሪ ይመጡ ነበር፤ ለምሳሌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ279 እስከ ዴልፊ ቤተ ጣዖት ድረስ ዘልቀዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የመቄዶንያና የግሪክ ነገሥታት በደመወዝ እየቀጠሩ ያሰልፏቸው ነበር። ወታደር ሲመለስ ደመወዙን ይዞ ይመለሳልና የፊልጶስ ብር በዳኑብ አገር ታወቀ። ከዚያም ነገዶቹ ራሳቸው እርሱን እያስመሰሉ ይሠሩ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቸገረኝ። ፊልጶስ ከሞተ ብዙ ዘመን አልፏል። ኬልቶቹ የእርሱ ዜጎች አይደሉም፤ ግሪክኛውንም አብዛኞቹ አያነቡትም። ታዲያ የሞተ የባዕድ ንጉሥ ገንዘብ ለትውልድ የሚያስመስሉት ለምንድር ነው? መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፉ ሳይሆን ከአያቴ ሣጥን ነው።

አያቴ ከእናታቸው የወረሷቸው ሁለት ማርትሬዛ አሏቸው፤ በጨርቅ ቋጥረው ከሣጥናቸው ሥር ያስቀምጧቸዋል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። ይሁን እንጂ መልኳ ያለበት፣ 28 ግራም የሚመዝነው ጠገራ ብር ከሞተችም በኋላ 1780 የሚለው ቁጥር ሳይለወጥ መታተሙን ቀጠለ። ያውም በቪየና ብቻ አይደለም፤ ከ1935 ጀምሮ በሮማ፣ ከ1936 ጀምሮ በሎንዶን ጭምር ታትሟል። ቅድመ አያቴ የላቲኑን ጽሕፈት ሊያነቡት ቀርቶ የአገራቸውንም ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ዳሩ ግን ጠገራውን ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ የከበቡትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች በአውራ ጣታቸው ይዳብሱ እንደ ነበር አያቴ ይነግሩኛል። ነጠብጣቦቹ ከደበዘዙ «ይህ አይሆነኝም» ብለው ይመልሱት ነበር። ንግሥቲቱን የሚያውቃት አልነበረም፤ የሚታወቀው ብሩ ነበር። መልኳ የእምነት ምልክት ሆኖ ነበርና እርሱን መለወጥ እምነቱን መንካት ይሆን ነበር።

ይህን ካሰብሁ በኋላ የኬልቶቹ ኩረጃ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ያስመሰሉት ሐሳብ ስላጡ አይደለም። ገበያውና ወታደሩ አምኖ የሚቀበለው ያን መልክ ስለ ነበረ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ስሕተት እዚህ ላይ ወደቀች።

ሁለተኛዋ ስሕተቴ «አበላሹት» ማለቴ ናት። ሥዕሎቹን በተራ አየኋቸው። ቀደም ያሉት የዳኑብ ቅጂዎች ከፊልጶስ ብር እምብዛም አይለዩም። ዘመን እየቆየ ሲሄድ ግን የዜውስ ጠጉርና አክሊል የነጠብጣብና የግማሽ ጨረቃ ረድፍ ይሆናል። ጽሕፈቱ ሰረዝ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፈረሰኛው ከወገቡ በታች ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጭንቅላቱ ብቻ ከፈረሱ ጀርባ በላይ ይንሳፈፋል። ፈረሱ ራሱ ቀጭን መስመር ይሆናል፤ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በክብ እንክብሎች ይታሠራሉ። ሆኖም ፈረሱ ይሮጣል! በፊልጶስ ብር ላይ ያለው ፈረስ ያማረ ነው፤ የሚራመደው ግን በሰልፍ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው። ይህኛው ከብሩ ጠርዝ ሊወጣ ደርሷል።

በደቡብ ፈረንሳይ ደግሞ፣ ዛሬ ቱሉዝ በምትባለው ከተማ ዙሪያ የነበሩ ነገዶች፣ በዛሬዋ ስፔን ባሕር ዳር የነበረችው የግሪኮች ከተማ ሮዳ ያሳተመችውን ብር አስመስለው ነበር። በሮዳ ብር ላይ ያለው የጽጌረዳ አበባ ነው። ነገዶቹ አበባውን ደጋግመው ሲሠሩት አራት ክንድ ያለው መስቀል ሆነ፤ በአራቱም ማዕዘን ጨረቃ፣ መጥረቢያና ሌላም ምልክት አስገቡበት። የሚበዛውም ብር ከተጠፈጠፈ ዝርግ ላይ በመሮ የተቆረጠ ስለ ሆነ ዙሪያው ማዕዘን ማዕዘን አለው። እኔ የክርስቲያን አገር ልጅ ስለ ሆንሁ መጀመሪያ ሳየው ሊያማትበኝ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ነውና የእኛ መስቀል አይደለም። ያየሁትን ሁሉ ባወቅሁት ነገር ለመተርጐም መቸኰሌን ያስታወሰኝ ይህ ብር ነው።

ታዲያ «ብልሹ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ኤቫንስ በ1864 ስለ ጥንታውያን ብሪታንያውያን ገንዘብ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከፊልጶስ የወርቅ ገንዘብ ተነሥቶ ቅጂ ከቅጂ እንዴት እንደ ተወለደ እንደ ትውልድ ሐረግ ደርድሮ አሳይቷል። ትልቅ ሥራ ነው፤ የገንዘቦቹን ቅደም ተከተል ያወቅነው እንዲህ ባለው ድካም ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች፣ ለፊልጶስ የቀረበውን መልካም፣ ከፊልጶስ የራቀውን መጥፎ አድርገው መቍጠር ለመዱ። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው ደራሲ አንድሬ ማልሮ በ1951 ስለ ሥነ ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህኑ ገንዘቦች አንድ ቅርጽ ወደ ሌላ ቅርጽ እንዴት እንደሚለወጥ ለማሳየት ምስክር አድርጎ አቅርቧቸዋል። አንዱ ብር ነው፤ ዐይኑ ግን ሁለት ነው። እኔ በአንደኛው ዐይን አይቼ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ እኔ ግን በሰው ዐይን ነበር ያየሁት።

ምናልባት አንድ ብልኅ አንባቢ «እጃቸው ስላልሠለጠነ ነው እንጂ፣ ማስመሰል ቢችሉ ያስመስሉ ነበር» ይለኝ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። እንግዲያው ይህን እንመልከት። በ1950 በምሥራቅ እንግሊዝ ስኔቲሻም በሚባል መንደር እርሻ ሲታረስ አንድ የአንገት ጌጥ ወጣ። ወርቅና ብር ተቀላቅሎ የተሠራ ሲሆን ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ስምንት ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አንድ ላይ እየተገመደ፣ የተገመዱትም ስምንቱ ገመዶች እንደ ገና አንድ ላይ ተገምደው ነው የተሠራው፤ በጠቅላላው 64 ሽቦ ማለት ነው። ከሽቦዎቹ መካከል አንድ ገንዘብ ተሰንቅሮ ስለ ተገኘ ጌጡ የተቀበረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ75 ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። ስድሳ አራት ሽቦ እንዲህ አድርጎ የሚገምድ ሕዝብ የዜውስን አፍንጫ መቅረጽ አቃተው ብሎ የሚያምን ይመን። እኔ አላመንሁም።

ገንዘቡንም ሲሠሩ እንዲሁ በጥንቃቄ ነበር። ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት የሸክላ ገበታ ያዘጋጃሉ፤ እንዲህ ያለ ገበታ በብሪታንያ በብዙ ስፍራ ተሰባብሮ ተገኝቷል። በየጉድጓዱ ብረቱን ጨምረው ያቀልጡታል፤ ቀልጦ ሲረጋ አንድ ልክ የሆነ እንክብል ይወጣል። እንክብሉን ጠፍጥፈው፣ ምስል በተቀረጸባቸው በሁለት ማኅተሞች መካከል አስገብተው በመዶሻ ይመቱታል። ማኅተሙን የሚቀርጸው ሰው ምስሉን ገልብጦ፣ ጎድጓዳ አድርጎ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር በማይሰፋ ቦታ ላይ መቅረጽ አለበት። አንድ ቀን በብርሃን ተቀምጦ እርሳስ በሳሙና ላይ ይዞ የሞከረ ሰው ፍርዱን ያለዝባል። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ፈረሴ አህያ ሆኖ ወጣ።

በ2012 ደግሞ ከፈረንሳይ ጠረፍ ፊት ለፊት ባለችው በጀርሲ ደሴት ወደ 70,000 የሚጠጋ ገንዘብ ከአንድ ጉድጓድ ወጣ። አብዛኛው ብርና መዳብ የተቀላቀለበት፣ ኮሪዮሶሊት የሚባለው የብሪታኒ ነገድ ገንዘብ ነው። በአንድ ፊቱ ጠጉረ ጥቅልል ሰው፣ በሌላው ፊቱ ፈረስ አለ፤ ከፈረሱ ሆድ ሥር ከርከሮ ወይም ክራር ይታያል። የተቀበረው ሮማውያን አገራቸውን በያዙበት በዚያ መከራ ዘመን አካባቢ ነው። ይህን የቀበሩ ሰዎች እንደ ቅጂ አልቈጠሩትም። ሀብታችን ብለው፣ ተመልሰን እናወጣዋለን ብለው ቀበሩት፤ አልተመለሱም።

አሁን ከሁሉ የበለጠ ወደ ነካኝ ነገር እመጣለሁ። ኬልቶች ታሪካቸውን በመጽሐፍ ጽፈው አልተዉልንም። ስለ እነርሱ የምናነበው አብዛኛው ነገር የተጻፈው በወጓቸው ሰዎች ነው። ለምሳሌ ዩልዮስ ቄሣር በጋሊያ ጦርነት ታሪኩ ውስጥ ስለ አንድ የኤዱዊ ነገድ መስፍን ይነግረናል፤ ስሙንም ዱምኖሪክስ ይለዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 ቄሣር ወደ ብሪታንያ አስገድዶ ሊወስደው ሲል ጥሎ ሄደ፤ የተላኩት ፈረሰኞችም ደርሰው ገደሉት። ሲሞት ነፃ ሰው እንደ ሆነና የነፃ አገር ሰው እንደ ሆነ ደጋግሞ ይጮኽ እንደ ነበር የሚነግረን ገዳዩ ራሱ ነው። የዚህ መስፍን ነው የሚባለው ትንሽ የብር ገንዘብ ዛሬም አለ። አንድ ጦረኛ ቆሞ የከርከሮ ዓርማ፣ የጦር መለከትና የተቈረጠ የጠላት ራስ ይዟል። አጠገቡ የተጻፈው ስም ግን «ዱብኖሬይክስ» ይላል። በ«ም» ሳይሆን በ«ብ»! ቄሣር በላቲን ጆሮው የሰማውን ጻፈ፤ ባለቤቱ የገዛ ስሙን ጻፈ። ከአንድ ሙሉ መጽሐፍ ፊት የቆመች አንዲት ፊደል ናት።

ዛሬ ብራቲስላቫ በምትባለው ከተማ ዙሪያ የነበሩት ቦይ የተባሉት ኬልቶችም እንዲሁ ወደ 17 ግራም በሚደርሰው ትልቅ ብራቸው ላይ «ቢያቴክ» የሚል ስም ጽፈዋል። ስሎቫኪያም ነፃ አገር በሆነችበት በ1993 ያንኑ ገንዘብ በአምስት ኮሩና ሳንቲሟ ላይ ቀርጻ ወደ ዩሮ እስክትገባ ድረስ ተገልግላበታለች።

የመጨረሻው ምስክሬ የኢኬኒ ነገድ ነው። ይህ በምሥራቅ ብሪታንያ የነበረው፣ ንግሥቲቱ ቦዲካ በ60 ወይም በ61 ዓ.ም. በሮማውያን ላይ ያመፀችበት ነገድ ነው። ባሏ ሲሞት ሮማውያን ንብረቱን ዘረፉ፤ እርሷን ገረፉ፤ ሴት ልጆቿን አዋረዱ። እርሷም ሕዝቧን አስነሥታ ሎንዶንን ጨምሮ ሦስት ከተሞች አቃጠለች፤ በመጨረሻም ተሸነፈች። ይህን ሁሉ የምናውቀው ከሮማውያን ጸሐፊዎች ነው። ከኢኬኒ የብር ገንዘቦች መካከል ግን ከአንድ ግራም ብዙም የማይበልጥ አንድ አለ፤ በላዩ የንጉሥ ስም አለ፤ የንጉሡን ስም ሊቃውንት በተለያየ መንገድ ያነቡታል። በሌላው ፊቱ ያለው ግን አያከራክርም፤ «ኤሲኮ ሠራው» ይላል።

ኤሲኮ ማን ነው? ንጉሥ ይመስለኛል አልልም፤ ሠራው የሚል ሠሪ ነው። ቃሉ «ሠራው» የሚለው የጻፈው በላቲን ነው፤ ፊደሉም የላቲን ነው። እንግዲህ እርሱም ተውሷል። ነገር ግን በዚያች በተዋሳት ቃል የተናገረው የራሱን ነው።

ነገሩን ሳስጌጠው እንዳልሳሳት አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የራስን ስም መጻፍ ብቻውን እምነት አያመጣም። አፄ ምኒልክ በ1894 አንበሳ ያለበትንና በፊደላችን የተጻፈውን የራሳችንን ብር በፓሪስ ማሳተም ሲያስጀምሩ፣ ገበያው የሞተችውን ንግሥት መምረጡን አልተወም ነበር። የአክሱም ነገሥታትም መጀመሪያ በገንዘባቸው ላይ ስማቸውን ያስቀረጹት በግሪክ ፊደል ነው፤ ግእዝ የመጣው ቆይቶ ነው። ስለዚህ መዋስ ነውር አይደለም። ነውሩ ተውሶ «የራሴ ነው» ማለት፣ ከዚያም የባሰው ደግሞ በተዋሱት ቃል ሌላውን «ኮራጅ» ብሎ መስደብ ነው። እኔ ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈጽሜያለሁ።

ጽሑፉን እንደ ገና ጻፍሁት። ስምንት ገጽ አልሞላም፤ አምስት ሆነ። መምህሩ የሰጡኝ ማርክ እናንተን የሚያስቀና አይደለም፤ ዳር ላይ ግን በዚያው በቀይ እርሳስ «አሁን አይተሃል» ብለው ጽፈውልኛል። ደስ ያለኝን ያህል ሌላ ነገር ከበደኝ። ከዚህ በፊት ያስረከብኋቸው ወረቀቶች ትዝ አሉኝ፤ ማርክ ያገኘሁባቸው፣ ማንም ያልጠየቀኝ። ከእነርሱ ውስጥ ያየሁት ስንቱ ነው? የሰማሁትስ ስንቱ ነው? መልሱን ለመኝታ ቤት ጓደኞቼ ነገርኋቸው፤ ሳቁ፤ ቀጥሎም ዝም አሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ነገ የምታስረክበው ወረቀት ይኖርህ ይሆናል። ከመስጠትህ በፊት ገልብጠህ እይና የኤሲኮን ቃል ከሥሩ ለመጻፍ ድፍረት ታገኝ እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ። እኔ ይህችን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ስሰጥ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ጉድለት አያጣትም፤ ፈረሷም አህያ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እኔ ሠራኋት።